ሁለት ሰዓት እሳት፣ ሙሉ ቀን ሙቀት

ሄልሲንኪ ገብተው ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ባቡር እስኪሳፈሩ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ትርፍ ጊዜ ካለዎት፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ወደማይርቀው አሌክሳንተሪንካቱ ጎዳና ብቅ ይበሉ። እዚያ ማዕዘኑ ላይ ፖህዮላ የሚባል ሕንፃ ያገኛሉ። በ1901 ለአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ተሠርቶ ያለቀ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በበሩ ዙሪያ ድቦችና የተረት ፍጡራን ተቀርጸዋል። ቀራጮቹ ይህን ያህል ሊጫወቱበት የቻሉት ድንጋዩ ለስላሳ ስለሆነ ነው። ፊንላንዶች «ቩኦሉኪቪ» ይሉታል፤ በቢላ የሚቀረጽ ድንጋይ እንደ ማለት ነው። በሌላው ዓለም የሚታወቀው ግን «የሳሙና ድንጋይ» በሚለው ስሙ ነው።

ዛሬ የምንወስድዎ ይህ ድንጋይ ወደሚወጣበት አካባቢ ነው። እግረ መንገዳችንንም ድንጋዩ ዋና ሥራውን ወደሚሠራበት ቦታ፣ ወደ ቤት ውስጥ ምድጃ እንገባለን። የበረዶውን ወራት እዚያ ለማሳለፍ ለሚያስብ ቤተሰብ፣ ወይም በፊንላንድ፣ በጀርመን ወይም በአሜሪካ በሚኖር ዘመድ ቤት እንዲህ ያለ ምድጃ ላጋጠመው ሰው፣ አነዳዱንና አያያዙን ማወቅ ከጉጉት ያለፈ ጉዳይ ነው። በትክክል ከያዙት ሌሊቱን ሙሉ ልጆችዎን ያሞቃል። አንዲት ነገር ከሳቱ ግን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ወደ ዩካ

ከሄልሲንኪ እስከ ዮኤንሱ ባቡሩ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ዮኤንሱ የሰሜን ካሬሊያ ዋና ከተማ ናት። ከዚያ መኪና ተከራይተው ቁጥር 6 የተባለውን አውራ ጎዳና ይዘው ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ሲነዱ ዩካ ይደርሳሉ። የመንገዱ ግራና ቀኝ ጥድና በርች ነው። በርች ነጭ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ ዛፍ ነው፤ ከጥቂት አንቀጾች በኋላ ምድጃው ዘንድ እናገኘዋለን። በስተምሥራቅ የፒየሊነን ሐይቅ ተንጣሏል። ከሐይቁ ዳር 347 ሜትር ከፍታ ያለው የኮሊ ኮረብታ ብቅ ይላል። ከእንጦጦ ግርጌ ላደገ ሰው ቁመቱ ብዙም ላያስደንቅ ይችላል፤ ለፊንላንዶች ግን የአገራቸው መልክ ነው። እንደ ኤሮ ያርነፌልት ያሉ ሠዓሊዎች ደጋግመው ሥለውታል።

እዚህ ክረምት ሲባል የእኛ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አይደለም። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣና ገና 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትጠልቃለች። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ቢመዘገብ ማንም አይደነቅም። ሐይቁ ከመጠንከሩ የተነሣ ቅዝቃዜው በበረታባቸው ዓመታት በላዩ የመኪና መንገድ ይከፈታል። በኮሊ ዛፎች ላይ የሚከመረው በረዶ ለፎቶግራፍ ያማረ ነው። የዚያኑ ያህል ግን ከባድ ነው፤ ቅርንጫፍ ሰብሮ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የሚጥልበት ጊዜ አለ። መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውም አብሮ ይጠፋል። በዚህ የተነሣ ዘመናዊ ማሞቂያ ያለው ቤተሰብ እንኳ የድንጋይ ምድጃውን አያፈርስም። በ2022 መገባደጃ የኤሌክትሪክ ዋጋ በመላው አውሮፓ ሲንርም ብዙ ፊንላንዳውያን ፊታቸውን ወደ እንጨት ክምራቸው መልሰዋል።

ከሳሙና የለሰለሰ፣ ከጡብ የበረታ

በዩካ ውስጥ ኑናንላህቲ የምትባል መንደር አለች። የሳሙና ድንጋይ በኢንዱስትሪ ደረጃ እዚያ መውጣት የጀመረው በ1890ዎቹ ነው። «ቱሊኪቪ» የተባለው በምድጃ ሥራ የታወቀ ኩባንያም መሠረቱ እዚሁ ነው፤ ስሙ «የእሳት ድንጋይ» ማለት ነው። ድንጋዩ ራሱ ዕድሜው ከ2 ቢሊዮን ዓመት በላይ ነው።

አንድ የተቆረጠ ቁራጭ በእጅዎ ቢይዙ የስሙ ምክንያት ወዲያው ይገባዎታል። ደርቆ የቆየ ሳሙና እንደ መዳሰስ ነው። ይህን ልስላሴ የሚሰጠው ታልክ የተባለው ማዕድን ነው፤ የሕፃናት ፓውደር ሲሠራበት የኖረው ያው ታልክ። በጥፍር እንኳ ይጫራል። ከታልኩ ጋር በብዛት የተዋሐደው ማግኔሳይት የተባለ ማዕድን ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ክብደት ያለው ድንጋይ ይሆናሉ፤ አንድ ሜትር ኩብ የሚሆነው 3 ቶን ያህል ይመዝናል።

ለምድጃ ተፈላጊ ያደረጉት ሦስት ባሕርያቱ ናቸው። ሙቀትን ከጡብ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ወደ ውስጡ ይስባል። የሳበውን ሙቀት በክብደቱ ልክ አምቆ ይይዛል፤ ከዚያም ለሰዓታት በቀስታ ይለቃል። ደግሞም በአንድ ወገን እሳት፣ በሌላ ወገን የክፍል አየር እየነካው በቀላሉ አይሰነጠቅም። ውስጡ ከ800 ዲግሪ በላይ በሚደርስ እሳት ሲጋይ፣ ውጪው ደገፍ ብለው የሚያነቡበት ሙቅ ግድግዳ ሆኖ ይቆያል።

ጭሱ ለምን ወደ ታች ይወርዳል?

የዚህ ምድጃ አባት ከማገዶ እጥረት የተወለደ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስዊድን፣ ያኔ ፊንላንድም ግዛቷ ነበረች፣ ደኗ እያለቀ ተጨነቀች። በ1767 ካርል ዮሐን ክሮንስቴት እና ፋቢያን ቭሬዴ የተባሉ ሁለት ሰዎች ጭሱ በቀጥታ እንዳይወጣ፣ በምድጃው ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል እንዲመላለስ የሚያደርግ አሠራር ይፋ አደረጉ። የማገዶ ጭንቀት ለእኛም እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባም በልጅነቷ ማገዶ አጥሯት ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር፤ ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። እኛ ዛፍ ተከልን፣ እነሱ ምድጃ አሻሻሉ።

የዛሬው የሳሙና ድንጋይ ምድጃ ያንኑ ሐሳብ ይከተላል። እሳቱ መካከል ላይ ባለው ክፍል ይነዳል። ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ወደ ላይኛው ክፍል ወጥቶ እዚያ እንደገና ይቃጠላል። የተረፈው ትኩስ አየር በግራና በቀኝ ባሉ መተላለፊያዎች ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲወርድ ሙቀቱን ለድንጋዩ ያስረክባል። ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚገባው ከታች በኩል፣ ሙቀቱ ከተራገፈ በኋላ ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። መካከለኛ ምድጃ 1,500 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። የተለመደው መመሪያ ለ100 ኪሎ ድንጋይ በአንድ ማንደድ ከ1 ኪሎ ያልበለጠ እንጨት ነው፤ ስለዚህ የዚህ ምድጃ ጣሪያ 15 ኪሎ ነው። እርስዎ 12 ኪሎ አነደዱ እንበል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል አለው። ከዚህ 80 በመቶው ቤት ውስጥ ቢቀር፣ ባለ አንድ ተኩል ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ እንደሠራ ይቆጠራል። እሳቱ የነደደው ግን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

የዛሬው እሳት የአምናው እንጨት ነው

በዩካ አካባቢ የበዓል ጎጆ ከተከራዩ፣ ከዋናው ቤት ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ግድግዳው አየር የሚያሳልፍ ትንሽ የእንጨት ቤት ያያሉ። ማገዶው የሚከማችበት ነው። እዚያ ያለው ፍልጥ የተቆረጠው ባለፈው የበረዶ ወራት ማብቂያ ላይ ነው፤ ተፈልጦ፣ ተደርድሮ፣ በጋውን በሙሉ ነፋስ ሲመታው ከርሟል። ምድጃው የሚፈልገው የእርጥበት መጠኑ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ነው። ርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚያባክነው የራሱን ውሃ በማትነን ነው። ከዚያ አልፎ ጭሱ ይበዛል፣ ጥላሸቱ በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ይለጠፋል፣ መስተዋቱም ይጠቁራል።

መድረቁን ለመለየት ሁለት ፍልጥ አንሥተው ያጋጩ። ደረቅ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ርጥብ ከሆነ ድምፁ የታፈነ ነው። ጫፉ ላይ ስንጥቅ መኖሩም የመድረቅ ምልክት ነው። ከውጭ የመጣውን እንጨት ወዲያው ወደ እሳት አይክተቱት። ለነገ የሚሆነውን ዛሬ ወደ ቤት ያስገቡ፣ በረዶውን ያራግፉለት፣ አንድ ሁለት ቀን ይሙቅ። ውፍረቱ ከአዋቂ ሰው ክንድ ያልበለጠ ይሁን።

የሚነደው እንጨት ብቻ ነው። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ የወተት ካርቶን፣ ፕላስቲክ፣ የልጆች ዳይፐር፣ ከእነዚህ አንዱም ወደ ውስጥ አይገባም። ጭሱ ይመርዛል፣ ምድጃውንም ያበላሻል።

ከላይ ይለኮሳል

እኛ ጭራሮውን ከሥር፣ ፍልጡን ከላይ አድርገን ማቀጣጠል ለምደናል። እዚህ ሥርዓቱ የተገለበጠ ነው። ከመለኮስዎ በፊት ግን ሦስት ነገር ይመልከቱ። በጭስ ማውጫው አንገት ላይ እንደ መሳቢያ የሚገባና የሚወጣ የብረት ሳህን አለ፤ እኛ እዚህ የጭስ መዝጊያ እንበለው። ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ያረጋግጡ። ቀጥሎ የወጥ ቤቱን አየር መሳቢያ ያጥፉ፤ እሱ ከበራ ጭሱን ወደ ቤት ሊስበው ይችላል። ሦስተኛ፣ የትናንቱ አመድ ከፍርግርጉ ላይ መነሣቱን ይዩ፤ እሳቱ ከሥር የሚተነፍሰው በእሱ በኩል ነው።

አሁን ፍልጦቹን በመጠኑ ክፍተት እየተዉ ይደርድሩ። ወፈር ያሉት ከታች፣ ቀጠን ያሉት ከላይ። በአናታቸው ላይ ስንጥርና ጥቂት የበርች ቅርፊት ያስቀምጡና ይለኩሱ። የበርች ቅርፊት ዘይት ስላለው ነጭ ጋዝ አያስፈልግዎትም፤ ነጭ ጋዝም ሆነ ቤንዚን በዚህ ምድጃ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። እሳቱ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ከሥር የሚወጣው ጋዝ በነበልባሉ ውስጥ አልፎ ይቃጠላል። ውጪ ወጥተው ጭስ ማውጫውን ቀና ብለው ቢያዩ፣ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላ ጭሱ እምብዛም አይታይም። ጥቁር ጭስ የሚተፋ ከሆነ አየር አንሶታል ወይም እንጨቱ ርጥብ ነው።

ነበልባሉ ዝቅ ሲል፣ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ፣ ሁለተኛውን ድርድር ይጨምሩ። አየር ማስገቢያውን ጠርቅመው እሳቱ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያንቀላፋ ለማድረግ አይሞክሩ። ለከሰል ምድጃ ቁጠባ የሆነው ለዚህ ምድጃ ጥፋት ነው። ታፍኖ የሚጨስ እሳት ጥላሸት እንጂ ሙቀት አያተርፍም። ሞቅ፣ ፈጠን፣ ከዚያ ጸጥ ይበል።

እንግዶችን የሚያሳስተው ቀጣዩ ሰዓት ነው። እሳቱ ወርዷል፣ ክፍሉ ግን ገና አልሞቀም። ድንጋዩን ሲነኩት ለብ ያለ ነው። እጅ ወደ እንጨቱ ቅርጫት ይሄዳል። ይታገሡ! ሙቀቱ ከውስጥ ወደ ውጪ እየተጓዘ ነው፤ የድንጋዩ ገጽታ ይበልጥ የሚሞቀው እሳቱ ከጠፋ ከሰዓታት በኋላ ነው። በችኮላ ሦስተኛና አራተኛ ድርድር የጨመረ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ መስኮት ሲከፍት ያድራል። ከመጠን በላይ ደጋግሞ ማንደድም የውስጡን ድንጋይ ያስጨንቀዋል።

ቤቱ ሳምንታት ሰው አልባ ሆኖ ከቆየ የመጀመሪያውን ቀን በትንሽ እሳት ይጀምሩ። ቀዝቃዛ ጭስ ማውጫ አየር የመሳብ ኃይሉ ደካማ ነው፣ የቀዘቀዘ ድንጋይም ድንገተኛ ቃጠሎ አይወድም። አዲስ የተሠራ ምድጃም እንዲሁ ነው፤ ግንባታው እንዲደርቅ ለተከታታይ ቀናት በጥቂት ኪሎ እንጨት ይለማመዳል።

መዝጊያው መቼ ይዘጋ?

ይህን ክፍል ከሌላው ሁሉ በላይ በጥሞና ያንብቡት። እሳቱ ካለቀ በኋላ የጭስ መዝጊያው ክፍት ሆኖ ካደረ፣ ድንጋዩ ያጠራቀመው ሙቀት በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ሰማይ ይሄዳል። ስለዚህ መዘጋት አለበት። ፍሙ ሳይጠፋ ከተዘጋ ደግሞ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጫ አጥቶ ወደ ቤት ይገባል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። ፊንላንዶች «ሃካ» የሚል የራሱ አጭር ስም አላቸው፤ ለእነሱ የቆየ ጠላት ነው። እኛም እናውቀዋለን። በሐምሌ ብርድ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎች ወሬ በየሠፈራችን ተሰምቷል። የገደላቸው ይኸው ጋዝ ነው።

ስለዚህ ልኩ እንዲህ ነው። ነበልባሉ ሲጠፋ ፍሙን በብረት መቆስቆሻ ወደ መሃል ሰብስበው በፍርግርጉ ላይ ያድርጉት፤ ከሥር አየር እያገኘ ቶሎ ይጨርሳል። በፍሙ ላይ ሰማያዊ ነበልባል እየተወዛወዘ ካዩ ጋዙ ገና እየወጣ ነው ማለት ነው። አይዝጉ። አመዱን ገለጥ ሲያደርጉት ቀይ ነገር ካለም አይዝጉ። ሰማያዊውም ቀዩም ከጠፋ በኋላ፣ ከተጠራጠሩም ተጨማሪ ጊዜ ሰጥተው ይዝጉ። ለጥንቃቄ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጥቂቱ ገርበብ አድርጎ መተው የተሻለ ነው። ከእንቅልፍ ጋር እየታገሉ ፍም የሚጠብቁ ከሆነ መዝጊያውን ክፍት ትተው ይተኙ። ጠዋት ቤቱ ሁለት ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ካልሲ ይደረባል።

ብልሃቱ ሰዓቱን አስቀድሞ ማስላት ነው። ሁለት ሰዓት ለእሳቱ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ለፍሙ። ልጆች በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሚተኙ ከሆነ፣ ክብሪቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳያልፍ ይጫር። በጎጆው ውስጥ የጭስ ማስጠንቀቂያ ያገኛሉ፤ በፊንላንድ ቤቶች ግዴታ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ግን ሌላ መሣሪያ ነው፤ አከራዩን ይጠይቁ፣ ከሌለ አነስተኛውን ገዝተው ሻንጣ ውስጥ መክተት ይቻላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከአንድ በላይ ሰው ላይ ከታየ ምክንያቱን ሲመረምሩ አይቆዩ። ልጆቹን ይዘው ወደ ውጪ ይውጡ፤ ከዚያ ወደ 112 ይደውሉ።

ከድንጋዩ ጉያ የሚወጣ ምግብ

ብዙዎቹ ምድጃዎች ከእሳቱ ክፍል በላይ ወይም በጀርባቸው መጋገሪያ አላቸው። ካሬሊያ በዚህ መጋገሪያ የታወቀች አገር ናት። «ካርያላን ፒራካ» የሚባለው ቂጣ ቀጭን የአጃ ሊጥ ጠርዙ በጣት ተቆንጥጦ፣ መሃሉ በሩዝ ገንፎ ተሞልቶ የሚጋገር ነው። ላዩ ላይ ቅቤ ውስጥ የተፈጨ ቅቅል እንቁላል ይደረግበታል። ልጆች ገንፎ በቂጣ ተጠቅልሎ ሲመጣላቸው አይግደረደሩም።

ምድጃው ሙሉ ብቃቱን የሚያሳየው ግን በወጥ ነው። «ካርያላን ፓይስቲ» የተለያየ ሥጋ፣ ለምሳሌ የበሬና የበግ፣ በትልልቁ ተቆርጦ ከሽንኩርት፣ ከጨውና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ውሃ ተጨምሮበት ለሰዓታት በመጋገሪያው ውስጥ የሚተው ነው። በአሳማ ሥጋም ይሠራልና ምግብ ቤት ሲያዙ መጠየቅ አይርሱ። እሳት የለም፣ ማማሰል የለም፤ ድንጋዩ እየቀዘቀዘ ሥጋው ይበስላል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብሎ ለሚያምን ሕዝብ ይህን ወጥ ማስረዳት አያስፈልግም።

አመድ፣ መስተዋትና ጥላሸት

«እሳት አመድ ወለደ» ይባላል፤ እዚህ ግን አመዱም ሥራ አለው። የበሩ መስተዋት ሲጠቁር የረጠበ ወረቀት ቀዝቃዛ አመድ ውስጥ ነክረው በቀስታ ይሹት፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይወልውሉት። እናቶቻችን ብረት ድስት በአመድ ሲፈትጉ ያየ ሰው አይደንቀውም። መስተዋቱ በየጊዜው ቶሎ ቶሎ የሚጠቁር ከሆነ ግን ችግሩ ከመስተዋቱ ሳይሆን ከእንጨቱ እርጥበት ወይም ከአየሩ ማነስ ነው።

የአመድ መያዣው ሳይሞላ ይነሣ። አመዱ የሚገባው ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ውስጥ ነው። ባልዲውን ከግድግዳና ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ውጪ ያስቀምጡት። አመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል በፕላስቲክ ከረጢት ወይም በካርቶን አይነካም። የቀዘቀዘው አመድ ለአትክልት ቦታ ይሆናል።

ድንጋዩ ራሱ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። አቧራውን በረጠበ ጨርቅና በለዘብተኛ ሳሙና ያጽዱት። አንዱ ልጅ በአሻንጉሊት መኪናው ቢጭረው አይቆጡት። የሳሙና ድንጋይ ለስላሳነቱ ሲያስጭረው፣ ያው ለስላሳነቱ ያድነዋል፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቦታውን ፈተግ ፈተግ ማድረግ ይበቃል። ታዲያ በተከራዩት ቤት ከሆነ ብርጭቆ ወረቀቱን ከማንሣትዎ በፊት ባለቤቱን ያማክሩ። የበሩ ዙሪያ ማሸጊያ ገመድ ከሳሳ፣ ወይም ምድጃው ላይ ጭስ የሚያሳልፍ ስንጥቅ ከታየ ደግሞ ባለሙያ ሳያየው አይነደድ።

ጥላሸቱ የባለሙያ ድርሻ ነው። በፊንላንድ ሕግ ሰው ዘወትር የሚኖርበት ቤት ጭስ ማውጫ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለባለቤቱ የግል መጠቀሚያ ብቻ የሆነ የበዓል ጎጆ ደግሞ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ መጠረግ አለበት። ጠራጊው በጣሪያ ላይ ወጥቶ የጭስ ማውጫውን፣ በምድጃው ጎን ባሉ ትንንሽ በሮች በኩል ደግሞ የውስጥ መተላለፊያዎቹን ይጠርጋል፤ ያየውን ጉድለት ጽፎ ማረጋገጫ ይሰጣል። የተከማቸ ጥላሸት አንድ ቀን ራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። ጎጆ ሲከራዩ «ጭስ ማውጫው መቼ ተጠረገ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ባለቤቱ ወረቀቱን ያሳይዎታል።

ከመውጣትዎ በፊት

በሰሜንና በምሥራቅ ፊንላንድ ደኖች ውስጥ ማንም መንገደኛ ሊያድርባቸው የሚችሉ ክፍት ጎጆዎች አሉ። በእነሱ ዘንድ የቆየ ደንብ አለ፤ ያደረ ሰው ለሚቀጥለው መንገደኛ ፍልጥና ማቀጣጠያ አዘጋጅቶ ይሄዳል። ማን እንደሚመጣ አይታወቅም። በጨለማ፣ ጣቱ ደንዝዞ የሚመጣ ሊሆን ይችላል።

ይህ ደንብ ለተከራዩት ጎጆም ያምራል። በመጨረሻው ጠዋት ምድጃውን አያንድዱ፤ የትናንቱ ሙቀት ቁርስ እስክትበሉ ይበቃል። አመዱን አንሥተው ወደ ብረት ባልዲው ይገልብጡ። ልጆቹ ከማገዶው ቤት አንድ ቅርጫት ደረቅ ፍልጥ ያምጡ፤ ታላቅየው ፍልጡን ያጋጭና ድምፁን ይስማ፣ ታናሽየው የበርች ቅርፊቱን ይላጥ። ቅርጫቱን ከምድጃው አጠገብ፣ ግን ሳያስጠጉ ያስቀምጡት። የጭስ መዝጊያውን አቀማመጥ ባለቤቱ እንዳዘዘው ያድርጉ። ከዚያ በሩን ዘግተው ወደ መኪናው ይሂዱ። ድንጋዩ እናንተ ዮኤንሱ ባቡር ጣቢያ ስትደርሱም ገና ለብ ያለ ነው።